ፈቃድና አንድ ጣሳ ውኃ

ባለፈው ሳምንት የግቢዬ ቧንቧ ፈነዳ። ፈነዳ ስል ማንጠባጠብ ከጀመረ እንኳን ከርሟል፤ እኔ ግን እንደ ብዙው ነገር ችላ ብዬው ቆየሁና አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ግቢው ኩሬ ሆኖ ጠበቀኝ። የጎረቤቴ ልጅ ደውላ ሚኪ የሚባል ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ላከችልኝ። ገና በሩ ላይ ሳለ፣ ምንም ሳልጠይቀው፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶው ያለበትን የሙያ ፈቃድ አሳየኝ። መነጽሬን ስላላደረግኩ ፎቶው የእሱ ይሁን የአጎቱ አላወቅሁም፤ ጎሽ የኔ ልጅ ብዬ አስገባሁት። አጥሩ ሥር ቆፍሮ የድሮውን የብረት ቱቦ አገኘውና መታጠፊያው ላይ መፍቻውን አስገባ። ቱቦው እምቢ አለ። ልጁ እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ከብዙ ትግል በኋላ ሲፈታው ከቱቦው ጥርስ ውስጥ ቀይ ቀለም የነካው ቃጫ ወጣ። ዛሬ ሠራተኞቹ ነጭ ፕላስተር ነው የሚጠመጥሙት፤ ያን ጊዜ ግን ቃጫ ነበር፣ በዘይት ቀለም የራሰ ቃጫ። ሽታው ወዲያው አፍንጫዬ ገባ፤ ዝገት፣ ቀለምና እርጥብ አፈር። ሚኪ ላቡን እየጠረገ፣ “እማማ፣ ይሄንን ማን ነው ያሰረው? ይኼኔ ፈቃዱን በመስታወት አሠርቶ የሰቀለ ትልቅ ኮንትራክተር ነው” አለኝ። ዱካዬን ስቤ ተቀመጥኩ።

ኮልፌ ያን ጊዜ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነበር። ክረምት ሲገባ ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን እስከ አስፋልቱ እንወርዳለን፤ እዚያ ካለችው ኩሬ እግራችንን ታጥበን ጫማችንን አድርገን ወደ ከተማ የምንገባ ሰዎች እንሆናለን። ሰይቼንቶ የሚባሉት ትንንሽ ታክሲዎች ማዞሪያው ላይ ይቆማሉ እንጂ ወደ ሰፈር አይገቡም፤ ባለታክሲው ጎማውን ከሚስቱ አብልጦ ነው የሚወደው። ፌርማታው አጠገብ ባለው መጠጥ ቤት ሳንቲም ሲጨምሩበት የሚዘፍን ሳጥን ነበረ። እኛ አላፊ አግዳሚዎቹ ሳንቲሙን ሰው እስኪጨምርልን መንገድ ላይ ቆመን እንጠብቃለን፤ የሰው ሙዚቃ በነጻ ሰምቶ መሄድ ደግሞ ልዩ ጣዕም አለው። በስሙኒ ምሳ ተበልቶ ሻይ ይጠጣ ነበር ብል ልጆቼ ይስቁብኛል። ቴርጋል ሱሪ የለበሰ ወንድ ሲቀመጥ መስመሩ እንዳይጠፋ ጉልበቱ ላይ ቆንጠር አድርጎ ይይዘዋል። እኔም አንድ ከጉልበት በላይ የሆነ ቀሚስ ነበረችኝ፤ አማቴ ሲያዩዋት ጨርቁ አልበቃ ብሏት ነው እያሉ ያዝኑልኝ ነበር።

ውኃ የምንቀዳው ከቦኖ ነው። ወረፋ፣ ጠብ፣ ሐሜት፣ መታጨትም ሳይቀር እዚያው ነው። ቤቱ ቧንቧ ያስገባ ሰው በማግስቱ ሰላምታው ይቀየራል፤ እሱም ትንሽ ኮራ ይላል፣ ሰዉም ትንሽ ጎንበስ ይልለታል። ባሌ ደምሴ ይሄን ኩራት በየግቢው የሚዘረጋ ሰው ነበር፤ የቧንቧ ሠራተኛ። ሳቁ ከማዞሪያው ማዶ ይሰማል፤ ሲያፍር ደግሞ ጆሮው ይቀላል። ሥራውን ያስተማሩት ጋሽ ኬርጋ ይባላሉ። ጋሽ ኬርጋ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው መርካቶ አካባቢ ከአንድ ጣሊያን ቧንቧ ሠሪ ጋር ሲሠሩ ያደጉ ናቸው። ቱቦ ሲለኩ በጣሊያንኛ ይቆጥራሉ፤ ሲናደዱ በጉራጊኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የሚመጡት ምክር ሲሆን ብቻ ነው። አንድ ሕግ ነበራቸው። ቃጫው ቱቦው ላይ መጠምጠም ከጀመረ፣ ቀለሙ ተቀብቶ መጨረሻው እስኪጠብቅ ድረስ ማንም አይናገርም። ባለቤቲቱ ሻይ ልታቀርብ ብትመጣ እንኳ ትሪውን ይዛ በዝምታ ትቆማለች። ደምሴ ይሄን ሕግ እንደ ጸሎት ነበር የሚያከብረው፤ ለእሱ አንደበት ዝም ማለት ቀላል አልነበረምና።

ሌላም የማይቀር ነገር ነበር። ምሳ ይዤላቸው የምሄደው እኔ ነኝ። ምሳ ዕቃውን ስፈታ ደምሴ ከበርሜሉ በጣሳ ውኃ ይቀዳና መጀመሪያ የጋሽ ኬርጋን እጅ ያስታጥባል። ቀጥሎ ራሱ ይታጠባል። ጋሽ ኬርጋ ቆርሰው ካልጀመሩ እጁን አይሰድም። እኔ ላስታጥብ ብል አይሰጠኝም፤ ጣሳው የእሱ ነው። አባቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ስለሆነ ይሆናል እል ነበር በልቤ።

ከዚያ ፈቃድ የሚባል ነገር መጣ። ቀድሞ የሰው ፈቃዱ እጁ ነበር፤ አንዱ ቤት ካላፈሰሰ ሌላው ቤት ይጠራሃል። አሁን ግን የቧንቧም ሆነ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማዘጋጃ ቤት ቀርቦ ካልተፈተነ፣ ዋስ ካልጠራ፣ የፈቃዱን ቁጥር ታፔላው ላይ ካልጻፈ የሠራው ቤት ቆጣሪ አይገባለትም ተባለ። ኮልፌ ተተራመሰች። ቃሉን የማያውቅ ሰው እንኳ ፈቃድ፣ ፈቃድ ይል ጀመር፤ ልጆቻችን ሳይቀሩ በጨዋታቸው መሐል ፈቃድህን አሳይ መባባል አመጡ። ጋሽ ኬርጋና ደምሴም መጀመሪያ ለመሸሽ ሞክረዋል። ከአስኮ ወዲያ፣ በቡራዩ መንገድ፣ ከከተማው ክልል ውጪ ስለሆነ የከተማው ፈቃድ አይጠየቅም ሲባል ሰምተው መሣሪያቸውን ተሸክመው ሄዱ። ፈቃድ በማይጠየቅበት ቦታ ግን ቧንቧውም ገና አልደረሰም። አመሻሹ ላይ ጫማቸው በጭቃ ከብዶ ተመለሱ፤ ደምሴ በሳቅ ሊሞት፣ ጋሽ ኬርጋ በጉራጊኛ እያጉረመረሙ።

ጋሽ ኬርጋ ደምሴን ገፋፍተው ለፈተና አስገቡት። አንተ ቅደም፣ መንገዱን አይተህ ትነግረኛለህ አሉት። ደምሴ አለፈ። ፈቃዱ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሆኖ መጣ፤ ታፔላ ጸሐፊው ሰማያዊ ቆርቆሮ ላይ ስሙን በነጭ ቀለም ጻፈለት፤ እኔም ታፔላውን ለማየት ብዬ በማያስፈልግ ሰበብ ሁሉ ከቤት እወጣ ነበር። ቀጥሎ የጋሽ ኬርጋ ተራ ነበር። አልሄዱም። አንድ ጊዜ ጉንፋን ያዘኝ አሉ፤ አንድ ጊዜ የዘመድ ለቅሶ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተዉት። ደምሴ ደፍሮ አልጠየቃቸውም። ፈቃድ የሌለው ሰው ደግሞ መሥራት የሚችለው ባለፈቃዱ ሥር ተመዝግቦ ነው። ስለዚህ ደምሴ ጌታውን፣ ሥራውን ያስተማሩትን ሰው፣ የቀን ሠራተኛዬ ብሎ አስመዘገበ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚባሉ ነጋዴ 18 ማዞሪያ አጠገብ ፎቅ ያለው፣ አልጋ የሚያከራይ ቤርጎ እያሠሩ ነበር። በየክፍሉ ባኞ ያለው ቤርጎ በእኛ ሰፈር ያን ጊዜ እንደ ተአምር ነው የሚወራው። የቧንቧውን ሥራ ለደምሴ ሰጡት፤ ታፔላችን ከተሰቀለ ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነበር። እዚያ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። የመጸዳጃ ቤቶቹን ሽታ የሚያስወጣውን ቱቦ ደምሴ ከጣሪያ በላይ ካላወጣሁ አለ፤ ፈተናው ላይ እንደዚያ ተብሏል። ጋሽ ኬርጋ ደግሞ እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ በግድግዳ በኩል ስናወጣ ማን ሞተ፣ ቱቦ ማባከን ነው ብለው ተቆጡ። ደምሴ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ፤ ግን ከጣሪያ በላይ አወጣው። ጋሽ ኬርጋ ሙሉ ቀን አኮረፉት። በማግስቱ ምሳ ላይ ያው ጣሳውን ይዞ ቀረበ፣ እጃቸውን ሰጡት፣ አለቀ።

የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ የመጣው እንዲህ ባለው የምሳ ሰዓት ነው። ቀጭን ወጣት ነበር፤ ጭቃ እንዳይነካው የቴርጋል ሱሪውን ጫፍ አጥፎታል። መምጣቱን አላየንም። በር ላይ ቆሞ ለካ ሁሉንም ሲያይ ቆይቷል። ባለፈቃዱ ማነው ብሎ ጠየቀ። ደምሴ ጣሳውን እንደያዘ ቀና አለ።

“እኒህስ?” አለ ተቆጣጣሪው ወደ ጋሽ ኬርጋ እያየ።

“የቀን ሠራተኛዬ ናቸው።”

“የቀን ሠራተኛህን እጅ አንተ ነህ የምታስታጥበው?”

ደምሴ ታላቄ ናቸው አለ። ተቆጣጣሪው ራሱን ነቀነቀና ማዶ ሲሚንቶ ወደሚያቦኩት አዛውንት አመለከተ። “እኒያ ደግሞ የእሳቸውም ታላቅ ይመስላሉ። እሳቸውን ምነው አላስታጠብካቸው?”

የሚቀርበው መልስ ሁሉ እውነቱን የሚያወጣ ነበር። በዚያ ዘመን ፈቃዳቸውን ለሌላ ሰው የሚያከራዩ ነበሩ፤ ወረቀቱ የአንዱ፣ ሥራው የሌላው። ቤቱ ቢያፈስ፣ ግድግዳው ቢርስ የሚጠየቅ አይገኝም። ተቆጣጣሪው ያየው ይሄንን ነው፤ ባለፈቃዱ አጎንብሶ ሠራተኛውን ሲያስታጥብ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አወረደና፣ ሽማግሌውን ይዘህ ቢሮ ቅረብ፣ ስምህን አከራይተህ ከሆነ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ሁለተኛም አታገኝም ብሎ ሄደ። ምሳው እንደተፈታ ቀረ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሲሰሙ አልጮሁም፤ ግድግዳውን የሚለስኑት ሰዎች ቱቦው እስኪያልቅ ቆመው እየጠበቁ ነው፣ ነገሩ ካልተስተካከለ ሌላ ባለፈቃድ መፈለጌ ነው አሉ። ሰማያዊው ታፔላችን ልደቱን ሳያከብር ሊወርድ ነበር።

በዚያው ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ጋሽ ኬርጋ ቤታችን መጡ። ወንበር ስንሰጣቸው በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ነገ እኔ ሠራተኛህ ነኝ አሉ። ቦርሳህን እሸከማለሁ፣ ስትጠራኝ አቤት እላለሁ፣ አንተም ኬርጋ በለኝ፤ ፈቃዱ ከተመለሰልህ በኋላ እንደ ድሯችን እንሆናለን። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጋሽ ኬርጋ የሚለውን ስም ያለ ጋሽ ለማለት ሲሞክር ሰማሁት፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣውም። ስቄበት ነበር። ወዲያው ግን ሳቄ ጠፋ።

በማግስቱ ቤት ቀርቼ በሐሳብ ከምሞት ብዬ ተከትያቸው ሄድኩ። ጋሽ ኬርጋ የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከኋላችን ነው የሚሄዱት። አውቶቡስ ላይ ስንወጣ እንኳ ደምሴ ካልተቀመጠ አልቀመጥም አሉ። ቢሮው በር ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያንን ባርኔጣ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ቦታ ሲያወልቁት አይቼ አላውቅም። መላጣቸው ላይ ባርኔጣው የተወው መስመር ይታያል። ተቆጣጣሪው ሲጠይቃቸው ደምሴን እርስዎ እያሉ፣ ጌታዬ እያሉ መለሱ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ተቆጣጣሪው ለጥቂት ጊዜ አዳመጠና ደምሴን፣ “ሠራተኛህ ከሆኑ ቦርሳውን ይዘው ውጪ ይጠብቁ በላቸው” አለው።

ቀላል ነገር ነበር። አንድ ቃል ነው። ጋሽ ኬርጋ ራሳቸው ቦርሳውን አንስተው ለመውጣት ተዘጋጅተው፣ በለኝ እንጂ በሚል ዓይን ያዩታል። ደምሴ ተነሥቶ ቦርሳውን ከትከሻቸው ላይ ተቀበላቸውና የራሱን ወንበር አመጣላቸው።

“ይሄንን አልችልም” አለ ለተቆጣጣሪው። “ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስሜን አላከራየሁም፤ ለእያንዳንዱ ማሰሪያ ተጠያቂው እኔ ነኝ። እሳቸውን ግን ውጪ ይጠብቁ አልልም። ፈቃዱ ለዚህ ከሆነ ይውሰዱት።”

እኔ ስለ ቤርጎው፣ ስለ ታፔላው፣ በማህፀኔ ስላለው ልጅ አሰብኩ፤ ግን ውሸት ለምን ልናገር፣ ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ባሌን እንደዚያ ወድጄው አላውቅም። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወደ ጋሽ ኬርጋ ዞረ። ይሄን ያህል ሥራ ካወቁ ታዲያ ለምን አልተፈተኑም አላቸው። ጋሽ ኬርጋ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው ቆዩ።

“ብወድቅስ ብዬ ነዋ” አሉ በመጨረሻ። “ይሄ ልጅ ጋሼ ይለኛል። ወድቄ ስመጣ ምን ይለኛል?”

ተቆጣጣሪው የወሰነው እንዲህ ነው። ጋሽ ኬርጋ በሚቀጥለው ፈተና ይቅረቡ። ካለፉ የራሳቸውን ፈቃድ ይይዛሉ፣ ማንም የማንንም ስም ተከራየ አይባልም። ከወደቁ ሠራተኛ መሆናቸው እውነት ይሆናል፣ ደምሴም በእሳቸው ላይ አዛዥ መሆኑን አውቆ ይሠራል። ሳይሞክሩ ከቀሩ ግን ከሰው ፈቃድ ጀርባ እንደተደበቁ እቆጥራለሁ፣ ወረቀቱም አይመለስም አለ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ፊታቸውን ቢያጨፈግጉም እስከ ፈተናው ሊታገሱ ተስማሙ።

ፈተናው ግቢ ውስጥ ነበር የሚሰጠው። እኔና ደምሴ ከአጥሩ ውጪ ቆመን በሽቦው መሐል እናያለን። ጋሽ ኬርጋ ቱቦ ሲቆርጡ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ሲያወጡለት፣ ቃጫ ሲጠመጥሙ ፈታኞቹም ሥራቸውን አቁመው ያዩዋቸው ነበር። ቀለሙን ሲቀቡ አንዱ ፈታኝ ሊያናግራቸው ሲሞክር እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ደምሴ ሽቦውን ይዞ እንደ ሕፃን ሳቀ። ቀጥሎ ግን የቃል ጥያቄ መጣ፤ አንድ ፈታኝ ግድግዳው ላይ የፎቅ ቤት በጠመኔ ሥሎ የሽታ ማስወጫውን ቱቦ ያመልክቱ አላቸው። ጋሽ ኬርጋ ሄደው በግድግዳው በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር አመለከቱ። ፈታኙ እርግጠኛ ነዎት ወይ ሲላቸው አዎ አሉ። ደምሴ ከጎኔ ዓይኑን ጨፈነ። ሲወጡ ረጋ ብለው ነው የሄዱት። “ወደቅኩ” አሉ። ወደ ፌርማታው ቀደሙን።

በማግስቱ ፈቃዱ ተመልሶ ቤርጎው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሁለቱ እስከ ምሳ ድረስ ሳይነጋገሩ ሠሩ። ምሳ ዕቃውን ስፈታ ደምሴ እጁ ላይ ቀለም ስለነበረ በናፍጣ ሊያስለቅቅ ዘወር አለ። ተመልሶ ሲዞር ጋሽ ኬርጋ ከበርሜሉ በጣሳው ውኃ ቀድተው፣ ወገባቸውን ሰበር አድርገው ቆመው ይጠብቁታል። የሚያቦኩት ሰዎች ሥራቸውን አቆሙ። “ና ታጠብ” አሉት። “በቱቦው ነገር ልክ ነበርክ። ከዛሬ ጀምሮ አለቃው አንተ ነህ፣ ተመዝግቧል።” ደምሴ ቀስ ብሎ ቀረበና ጣሳውን ከእጃቸው ወሰደ።

“ጋሼ፣ እነሱ የፈተኑዎት ቧንቧ ብቻ ነው” አላቸው።

የጋሽ ኬርጋ እጅ በአየር ላይ እንደቀረ ነው፤ ጣቶቻቸው የመፍቻ ጠባሳ የሞላባቸው፣ ቀይ ቀለም ጥፍራቸው ሥር የቀረ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቻቸውን ዘረጉለት። ውኃው ሲፈስባቸው ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ አንቺ ልጅ ጭሱ ወደዚህ መጣብኝ እኮ አሉኝ። ጭስ አልነበረም። እሳትም አላነደድንም።

ጋሽ ኬርጋ ዳግመኛ አልተፈተኑም፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ አላስጨነቃቸውም። እስኪደክሙ ድረስ በሰማያዊው ታፔላ ሥር ሠሩ። ሽታ ማስወጫ ቱቦ ሲመጣ ለደምሴ ይተዉለታል፣ ማሰሪያ ሲመጣ እሱ ለእሳቸው ይተዋል፤ በመሐል ያለው ሁሉ ክርክር ነው። የቤርጎው ስም ኋላ ብዙ ጊዜ ተቀያየረ፣ ዘመኑም ተቀያየረ፣ አሁን በቦታው መስታወት የለበሰ ሕንጻ ቆሟል። ታፔላውን ደምሴ በሞተ ጊዜ ልጆቼ ከመጋዘን አውጥተው ሰማያዊ ቀለሙ እየረገፈ ሳሎን ውስጥ ሰቀሉልኝ። ውኃ ወደ ግቢያችን የገባው ቤርጎው ባለቀበት ዓመት ነው። ደምሴ ባለፈቃድ ሆኖ ፈረመ። ቱቦውን ያሰሩት ግን ጋሽ ኬርጋ ናቸው፤ እኔ ሻይ በትሪ ይዤ ማሰሪያው እስኪያልቅ በዝምታ ቆሜያለሁ።

ሚኪ ሥራውን ጨርሶ ውኃውን ሲለቅ ከሐሳቤ ነቃሁ። ግቢው ፀጥ አለ፤ ማንጠባጠቡ ጠፋ። አሮጌውን መታጠፊያ በእጁ እያገላበጠ፣ እማማ አልነገሩኝም እኮ፣ ማን ነው ይሄን የሠራው አለኝ።

“ፈተናውን የወደቀ ሰው ነው” አልኩት።

ሳቀ። ቀለድኩ መስሎታል። ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብዬ ሽሮውን አቀረብኩና እንደ ልማዴ ጆጉን አንስቼ ላስታጥበው ጎንበስ አልኩ። ልጁ ደንግጦ ከመቀመጫው ተነሳ። ኧረ እማማ፣ ነውር አይደል እንዴ ብሎ ጆጉን ከእጄ ወሰደው። በእርጥብ እጁ፣ ጥፍሩ ሥር የጋሽ ኬርጋ ቀይ ቀለም እንደገባ፣ ውኃውን አዘንብሎ ጠበቀኝ። እኔም እጆቼን ሰጠሁት።